የሐቦባ ብልቃጥ

ማክሰኞ የእኛ ቀን ነው። አሶሳ ውስጥ በምንታከምበት ሆስፒታል ማክሰኞ ጠዋት የስኳር ሕሙማን ቀጠሮ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ በካርዳችን ተራ እንደረደራለን። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከግድግዳው ጥግ ነው። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የሳምንቱን ቁጥሮች እመለከታለሁ፤ ካልተጠየቅሁ አልናገርም።

ስኳር የያዘኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ናቸው። ያደግሁት ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ካሉት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። የስልክ ጥገና የለመድኩት የተበላሹ ስልኮችን ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው፤ በሽታዬንም ያወቅሁት ከዚያ በተለየ መንገድ አይደለም። በኢንሱሊኑ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ቀጭን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በሦስት ወር አንብቤ ጨረስኩት። የቀረውን ያስተማረችኝ የስኳር ክፍሉ ሲስተር ናት። በመጀመሪያው ቀን ብልቃጡን በሁለት መዳፎቿ መካከል አድርጋ ቀስ ብላ እያንከባለለች፣ “እንዲህ ሃያ ጊዜ። እንዳትንጠው፤ ወተት አይደለም” አለችኝ።

በመንደራችን መብራት ስላልነበረ አባቴ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ገዛና ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ መሐሉን በአሸዋ ሞላው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣዋለን። በሚያዝያ ሙቀት፣ ውጭው ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሲሆን የማሰሮው ውስጥ ሃያ አምስት ነበር። በቴርሞሜትር ለክቼ ጽፌዋለሁ። አሶሳ ገብቼ ቤት ከተከራየሁ በኋላም ማሰሮዬን አልተውኩም፤ መብራት ይሄዳል፣ አሸዋ አይሄድም።

ሐቦባን ያወቅኋቸው በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። የበርታ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል፤ ከሱዳን ወገን የመጣ ቃል ሲሆን አያት ማለት ነው። ባሚያ ዘርተው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው በገበያ ይሸጣሉ። አማርኛ የለመዱት ከገበያ ስለሆነ ለሲስተርም ለሐኪምም ለእኔም “አንተ” ነው የሚሉት፤ ማንም ቅር ተሰኝቶ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ አጠገቤ ተቀምጠው ደብተሬን ረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣

“አንተ ሁልጊዜ ትጽፋለህ” አሉኝ። “ማንን ትከሳለህ?”

“ማንንም አልከስም፣ ሐቦባ። የስኳሬን ልክ ነው የምጽፈው።”

“እንግዲያው ስኳርን ክሰሰው። እኔ ምስክር ነኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ እንያያዛለን። ካርዳቸው ላይ ያለውን አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በካርድ ላይ የማይጻፈውን ይነግሩኛል። ስኳራቸው ሊወርድ ሲል ከማላቡ በፊት ከንፈራቸው ላይ ጉንዳን የሚሄድ እንደሚመስላቸው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጉንዳን ከንፈሬ ላይ ይዤ ስሙን አላውቀውም ነበር። ደብተሬ ላይ “ጉንዳን” ብዬ አንድ ዓምድ ጨመርኩ።

በግንቦት አንድ ማክሰኞ ግን ሐቦባ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ አልቀለዱም። የግራ እግራቸው ትንሽ ጣት ከወር በፊት በመኮትኮቻ ተነክቶ ቆስሎ ነበር፤ አልደርቅ ብሏቸዋል። ተራቸው ሲደርስ እጄን ይዘው፣ “ጸሐፊዬ ይግባ” አሉና ይዘውኝ ገቡ።

ዶክተሩ አዲስ ነው፤ ከደጋ የመጣ፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቁስሉን ራሱ ጎንበስ ብሎ አጠበው። ካርዱን አገላበጠ። የሐቦባ ስኳር እስከ የካቲት ደህና ነበር፤ ከመጋቢት ጀምሮ በየቀጠሮው ወጥቷል። የኢንሱሊኑም መጠን አብሮ ወጥቷል፦ ከአሥራ ስምንት ወደ ሃያ አራት፣ ከሃያ አራት ወደ ሠላሳ።

“እማማ፣ መርፌውን በየቀኑ ይወጋሉ?”

“እወጋለሁ። አንድ ቀን አልቀረም።”

“ማንጎስ?”

“ማንጎ አልበላም።”

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም። “እማማ፣ በዚህ ወር አሶሳ ውስጥ ማንጎ ያልበላ ሰው አለ? ልጆች ይበላሉ፣ ፍየል ይበላል፣ እኔ እንኳ እበላለሁ።”

“አንተ ብላ። እኔ አልበላም። ዛፉ በቤቴ በር ቆሟል፤ ሂድና ጠይቀው።”

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። “እስቲ አንተ አስረዳቸው። እየደበቁ ከሆነ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ መቆረጡ ነው። ጣቱ ላይ ከቆመም ጥሩ ነው።” ከዚያም ሠላሳ ስምንት ብሎ ጻፈ።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሐቦባ አዲስ የታሰረውን ፋሻ ይመለከታሉ።

“ያለዚህ ጣት ባሚያ እንዴት ይኮተኮታል?” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “ወላሂ አልበላሁም። አንተስ ታምናለህ?”

አምናቸው ነበር። የሐቦባን ማንጎ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ለመጣው ሁሉ ሲያድሉ ነው የከረሙት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ በፌስታል ወስጃለሁ። ስልክ ሲበላሽ ባለቤቱ “አልጣልኩትም” ካለኝ ደግሞ መጀመሪያ የምፈትሸው ባለቤቱን ሳይሆን ባትሪውን ነው።

“ብልቃጡን አሳዩኝ” አልኳቸው።

“ቤት የለም። ሱቅ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ። እዚያ በደንብ ተቀምጧል።”

ሱቁ ከቤታቸው አጠገብ ነው። ባለሱቁ ከወለጋ የመጣ ጴንጤ ነው፤ ሳቂታ፣ ሐቦባን እንደ እናቱ የሚያይ። ፍሪጅ ከገዛ ወዲህ ውሃና ለስላሳ ያቀዘቅዛል፣ በረዶም በላስቲክ ይሸጣል። ብልቃጡን ለማየት መምጣታችንን ስነግረው በኩራት ፍሪጁን ከፈተ። እኔ በበሩ ላይ ባሉት መደርደሪያዎች፣ ከለስላሳዎቹ መካከል ፈለግሁ። እሱ ግን የላይኛዋን ትንሽ በር ከፍቶ፣ በሁለት የበረዶ ላስቲኮች መካከል በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ የቆመችውን ብልቃጥ አወጣት።

በረዶ ሆና እንደ ጠጠር ጠንክራለች።

“እዚህች ላይ የልጄን ውሃ እንኳ አላስገባም” አለ። “የሐቦባ መድኃኒት ስለሆነ ነው። ምርጧን ቦታ ነው የሰጠኋት።”

“በየቀኑ እዚህ ውስጥ ነው የምታድረው?”

“ፍሪጁን ከገዛሁ ጀምሮ፤ ከየካቲት መጨረሻ። በፊትማ በውሃ እንስራ ጎን ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ‘ሐቦባ፣ እኔ እያለሁ መድኃኒትሽ ለምን በሙቀት ይሰቃያል’ ያልኳቸው። ምነው? ጥፋት አለ?”

ሐቦባን፣ “ታዲያ እንዴት ይወጉታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ከሱብሒ ሶላት በኋላ እወስደዋለሁ። በብብቴ አሞቀዋለሁ። ከዚያ በእጄ አንከባልላለሁ። ሲስተር ሃያ አለ፣ እኔ መቶ አንከባልላለሁ። ድንጋይ ስለሆነ።”

ብልቃጧ እስክትቀልጥ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ ሃያ ጊዜ አንከባለልኳት። ደህናው ኢንሱሊን ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል ነጭ ይሆናል። ይኼ ግን ስንጥር ስንጥር ነጫጭ ነገር እየተንሳፈፈበት፣ የመስተዋቱ ግድግዳ ላይም እንደ ጨው ተለጥፎበት ቀረ። የካርቶኑ ወረቀት ላይ ያለችውን አንዲት መስመር አስታወስኩ፤ በረዶ የሆነ ኃይሉን ያጣልና ይጣል ትላለች፣ ቢቀልጥም።

ነገርኳቸው። ባለሱቁ ጭንቅላቱን ያዘ።

“ኧረ በጌታ! ‘ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ’ አላሉም?”

“ብለዋል።”

“ታዲያ አሶሳ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይመጣል?”

ምን ያህል ቀዝቃዛ መሆን እንዳለበት የነገረን ሰው የለም። ሐቦባ ግን የባለሱቁን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። “አንተ ደግ ነህ” አሉት። “ደግነትህ ግን በረዶ አለው።” እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

የዚያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል መመለስ ነበረብኝ። መንገዱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤ አልሄድኩም። ለዶክተሩ “ተሳስተዋል፣ ስህተቱ ማንጎው ላይ አይደለም” ማለት ከበደኝ፤ አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ኩራት ነው፤ ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ መፍትሔውም እጄ ላይ አለ ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ማሰሮ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ነበረኝ፤ ዓይነቱ ከሐቦባ ብልቃጥ ጋር አንድ ነው። ብልቃጡንም፣ ሌላ ሁለት ማሰሮ ገዝቼ አሸዋ ሞልቼም ለሐቦባ ወሰድኩላቸው። አሸዋውን እንዴት ውሃ እንደሚያጠጡት አሳየኋቸው። ከመውጣቴ በፊት፣ “ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ይውጉ” አልኳቸው።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ሠላሳ ስምንት ነው። ያን ቁጥር የጻፈው ሰው የሞተ መድኃኒት እየጠገነ መሆኑን አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ለሞተው መድኃኒት የተጨመረውን ቁጥርና ሙሉ ኃይል ያለውን የእኔን ብልቃጥ አጠገብ ለአጠገብ አላስቀመጥኳቸውም። ነገርን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ሥራዬ ነው የምል ሰው።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ሱቄን ለምሳ ዘግቼ በሐቦባ በኩል አለፍኩ። ሐቦባ ከማንጎው ሥር መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው በበርታ ቋንቋ መለሱልኝ። ከእኔ ጋር በበርታ ቋንቋ ተናግረው አያውቁም። ግንባራቸው ላይ ላብ ተንጠባጥቧል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብዬ፣ “ሐቦባ፣ ጉንዳን አለ?” አልኳቸው። ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አነሡና ሳይደርስ ወደቀ።

ቤታቸው ገብቼ ስኳር ፈለግሁ። አንድ ፍሬ የለም። ዶክተሩን ሰምተው ስኳሩንም ማሩንም ከቤት አውጥተው ሰጥተዋል። ጠዋት የቀመሱት ትንሽ ገንፎ ብቻ መሆኑን በሳህኑ አየሁ። ወጣሁና ባለሱቁን ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ እሱ እስኪመጣ ከዛፉ ሥር የወደቀ የበሰለ ማንጎ አነሣሁ።

አሶሳ ውስጥ ማንጎ በቢላዋ አንበላም። በሁለት መዳፍ መካከል አድርገን እናሸዋለን፤ ውስጡ ጭማቂ ሲሆን ጫፉን ነክሰን እንመጠዋለን። ማንጎውን በመዳፌ መካከል አሸሁት። ጫፉን ነክሼ ከንፈራቸው ላይ አደረግሁትና፣ “ይምጠጡ፣ ሐቦባ” አልኳቸው። አንገታቸውን አዞሩ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንኳ አንገታቸውን አዞሩ። አገጫቸውን ይዤ ጥቂት በከንፈራቸው ላይ ጨመቅሁ፤ ዋጡ። ደገምኩ። ባለሱቁ የተከፈተ ለስላሳ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ሁለተኛውን ማንጎ ሊጨርሱ ሲሉ ሐቦባ ዓይናቸውን አጥርተው አዩኝ።

“አንተ” አሉ በአማርኛ። “ማንጎ ሰጠኸኝ? ዶክተሩ አሁን በእውነት ይጮሃል።”

ባለሱቁ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀም አለቀሰም። እኔ እጄ እስከ ክርኔ በማንጎ ተጣብቆ ባጃጅ ፍለጋ ሮጥኩ።

በባጃጅ ወሰድናቸው። ዶክተሩ ድንገተኛ ክፍል አገኘንና ስኳራቸውን ለካ፤ ከማንጎውና ከለስላሳው በኋላም ዝቅ ያለ ነበር። ግሉኮስ ተከለላቸው። ከዚያ እኔን ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። በረዶ ሆና የነበረችውን ብልቃጥ ከትናንት ጀምሮ ከያዝኩባት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ፍሪጁ መቼ እንደተገዛ ነገርኩት። የራሴን ብልቃጥ መስጠቴንና “እንደተጻፈው ይውጉ” ማለቴን ስነግረው ግን መሬት መሬት አያለሁ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ።

ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አያት። ዘንበል አደረጋት፤ አንከባለላት፤ ደግሞ አያት።

“በትምህርት ቤት በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣል የሚለውን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ” አለ። “በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም። ይሄ ጨው የሚመስለው ነው?”

“አዎ። እኩል ነጭ አይሆንም።”

“አሁን ስማኝ” አለና አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ። ደብተሬን ተቀብሎ በባዶ ገጽ ላይ ጻፈልኝ፦ መጠን የሚጨመረው ሰውነት ለሰጠው መልስ ነው፤ ብልቃጥ ሲቀየር፣ በተለይ የቀድሞው ከተበላሸ፣ የድሮው ቁጥር አይሠራም፤ ሐኪም ሳያይ አይወጋም። ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አሰመረበት። “የሰው መድኃኒት ደግሞ ለሰው አይሰጥም” አለ። “ምንም ያህል ብትወዳቸው። ብልቃጧን ስታይ መምጣት የነበረብህ እዚህ ነው።”

“ፈርቼ ነው” አልኩት።

“ምን?”

“እርስዎን።”

ደብተሬን መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ከሐቦባ አልጋ አጠገብ ቆመ። “እማማ” አለ፣ “ማንጎ አልበላሁም ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ሐቦባ ግሉኮሱ የተተከለበትን እጅ አንሥተው ጉንጩን ነኩት። “አንተ ገና ልጅ ነህ። ትማራለህ። ጣቴን ግን አትቁረጥ።”

“ሁለቱ ሳምንት ዛሬ ይጀምራል” አላቸው። አዲስ ብልቃጥ ሰጣቸው፤ መጠኑን ወደ አሥራ ስምንት መለሰው።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት በዝርዝር ጽፌያቸዋለሁ። በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት የሐቦባን ስኳር በእኔ መለኪያ እለካለሁ፤ ባለሱቁ ከጎን ቆሞ ቁጥሩን ሲሰማ “ጌታ ይመስገን” ይላል፤ ሐቦባ “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። አሸዋውን ውሃ የሚያጠጣው ባለሱቁ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። አንድ ቀን አብዝቶ አፍስሶ ብልቃጧ ጭቃ ውስጥ ቆማ አገኘናት፤ ሐቦባ ሰፈሩ እስኪሰማ ሰደቡት። በአራተኛው ቀን ስኳሩ መውረድ ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን ከፋሻው ሥር ሽታው ጠፋ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ቀና ሳይል ብዙ ቆየ። የቁስሉ ጠርዝ ሮዝ ሆኖ ወደ ውስጥ መሰብሰብ ጀምሯል። “አይቆረጥም” አለ። ሐቦባ ጣታቸውን አንድ ጊዜ አንቀሳቀሱት፣ የራሳቸው መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው። እስኪደርቅ ሌላ ወር ወስዷል። ጥፍሩ ግን ተመልሶ አልበቀለም።

አሁን በማክሰኞ ቀጠሮ ዶክተሩ ገና ካርድ ሳይከፍት የሚጠይቀው “ብልቃጧ የት ነው የምታድረው?” ብሎ ነው። በእንስራ ጎን የሚል አለ፣ ከጣራ ሥር የሚል አለ፤ አንድ ሰው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በገመድ እንደሚያወርዳት ሲናገር ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። ሲስተር ማሰሮውን ለሁሉም እንዳሳይ ስትጠይቀኝ ከጥጌ ተነሥቼ አሳየሁ።

የዘንድሮ ማንጎ ሊያልቅ ሲል ሐቦባ አንድ ማንጎ በሻሽ ጠቅልለው መጡና ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

“ስንት ልብላ?” አሉት።

“ግማሽ። ከምግብ በኋላ።”

“ግማሽ ማንጎ የሚባል የለም። ትልቅ ነው ወይ ትንሽ ነው።”

“እንግዲያው ትንሹን” አለ ዶክተሩ፤ “ይሄ ግን ትልቅ ነው።”

“ይሄ የአንተ ነው።”

ዶክተሩ መሳቢያውን ከፍቶ ቢላዋ ሲፈልግ ሐቦባ እጁን ያዙት። ማንጎውን በሁለት መዳፎቹ መካከል አስገቡለትና የራሳቸውን እጅ ከላይ አድርገው ማንከባለል ጀመሩ።

“ቀስ” አሉት። “እንዳትንጥ። ሃያ ጊዜ።”